ድምፅ ለዓይን ሲገለጥ፤ ከአሸዋ እስከ ማግኔታዊ ፈሳሽ

ድምፅ የጆሮ ድርሻ ሆኖ ቢኖርም፣ ለዓይንም እንዲገለጥ የተደረገው ጥረት ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ያስቈጠረ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1680 ዱቄት የተነሰነሰበት መስተዋት በንዝረት ኃይል ቅርጽ ሲያወጣ ተመልክቷል። ነገሩን በሰፊው መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1787 በላይፕሲግ ከተማ በመጽሐፍ ያወጣው ግን ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ ነው።

የክላድኒ ዘዴ ቀላል ነበር። በስስ ዝርግ ላይ ደቃቅ አሸዋ ይነሰንስና ጠርዙን በቫዮሊን ደጋን ይፈትጋል። ዝርጉ ድምፅ ሲሰጥ አሸዋው ከሚርገበገበው ስፍራ እየሸሸ በማይነቃነቁት መስመሮች ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ዓይን የሚያየው የንዝረቱን ሳይሆን በንዝረቱ መካከል ያለውን የዕረፍት ስፍራ ሥዕል ነው። ይህ ትርኢት ናፖሊዮንን ሳይቀር አስደንቋል። እ.ኤ.አ. በ1809 የሥዕሎቹን ምስጢር በሒሳብ ለሚፈታ ሰው በፓሪስ ሽልማት ተዘጋጀ፤ ሴት በመሆኗ የከፍተኛ ትምህርት በር የተዘጋባት ሶፊ ዠርማን ሦስት ጊዜ ተወዳድራ እ.ኤ.አ. በ1816 ተሸለመች።

ማግኔታዊው ፈሳሽ ወደዚህ ታሪክ የገባው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ይሠራ የነበረው ስቲቭ ፓፔል፣ ክብደት በማይሰማበት ጠፈር የሮኬት ነዳጅን በማግኔት ለመሳብ ሲል ሠራው። በፈሳሹ ውስጥ እጅግ የደቀቁ የብረት ማዕድን ብናኞች ይገኛሉ፤ እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁም በስስ ሽፋን ተለብጠዋል። ብርቱ ማግኔት ሲቀርበው የማግኔቱ ኃይል ገጹን ወደ ውጭ ይስበዋል፤ የምድር ስበትና የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ደግሞ መልሰው ይይዙታል። ከዚህ ትግል እንደ ጃርት እሾህ የቆሙ ሹል ጫፎች ይወለዳሉ።

ጃፓናውያን ሠዓሊዎች ሳቺኮ ኮዳማና ሚናኮ ታኬኖ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረቡት ሥራ ይህን ፈሳሽ ከድምፅ ጋር አገናኙት። የተመልካቹን ድምፅ ማይክሮፎን ይቀበላል፤ ኮምፒዩተር የድምፁን ብርታት ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል መጠን ይለውጣል፤ ኤሌክትሮ ማግኔቶቹም በዚያው ልክ ሲበረቱና ሲደክሙ ጥቁሩ ፈሳሽ ይነሣል፣ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አለ። በክላድኒ ዝርግ ላይ አሸዋውን የሚያንቀሳቅሰው ራሱ የሚሰማው ንዝረት ነው። በማግኔታዊው ፈሳሽ ግን በድምፁና በቅርጹ መካከል ሰው ቆሟል፤ ከድምፅ ባሕርያት የትኛው ወደ ማግኔቱ እንደሚደርስ የሚመርጠው እርሱ ነው። የፊተኛው የተፈጥሮ ምስክርነት ሲሆን የኋለኛው ትርጓሜ ነው። ትርጓሜ መሆኑ ዋጋውን አይቀንስበትም፤ እንዲያውም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ከኪነ ጥበብ ጎራ የሚያሰልፈው ይኸው ነው። ሆኖም ተመልካች በፈሳሹ ውበት ተማርኮ የድምፅን እውነተኛ መልክ አየሁ እንዳይል፣ የሚያየው የድምፅንና የሠዓሊን የጋራ ሥራ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።