ቁርአን የክረምት ትምህርት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሰኔ ሲያልቅ የከተሞቻችን መስጂዶች በልጆች ድምፅ ይሞላሉ። የክረምት ኮርስ ይጀመራል። ልጆቹ ሁለት ወር ሙሉ ይቀራሉ፤ አንዱ ቃዒዳውን ይጨርሳል፣ ሌላው ጁዝእ ዐመን ያጋምሳል። መስከረም ሲጠባ ግን ዩኒፎርሙ ይለበሳል፣ ሙስሐፉ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። በቀጣዩ ክረምት ኡስታዙ ያንኑ ልጅ ከዚያው ሱራ ያስጀምረዋል። በሁለት ወር የተያዘው በአሥር ወር ጠፍቷልና።

ይህን ያዩ ወጣት ወላጆች አሁን አሁን አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። «ልጆቻችንን እቤት፣ ዓመቱን ሙሉ ብናስተምራቸውስ? እረፍትስ ይኑራቸው? ያለ ኡስታዝስ ይሆናል?» ጥያቄው አዲስ ይመስላል። ነገር ግን ከእኛ በፊት የነበሩ ሙስሊሞች በተለያየ አገርና ዘመን ተጋፍጠውታል፤ አንዳንዶቹም ከእኛ እጅግ በከፋ ሁኔታ ውስጥ ሆነው። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት ታሪካችንን እንጠይቅ።

መጀመሪያም ቤት ነበር

የእስልምና የመጀመሪያው የትምህርት ቦታ የሰው መኖሪያ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመካ ሶሓቦችን የሚያስተምሩት በሶፋ አጠገብ በነበረው በአርቀም ኢብኑ አቢል አርቀም ቤት ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) ተቆጥተው የእህታቸውን የፋጢማን በር ሲያንኳኩ ውስጥ ምን እየተደረገ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ኸባብ ኢብኑል አረት ለፋጢማና ለባለቤቷ ለሰዒድ ኢብኑ ዘይድ ሱረቱ ጧሀን እያስቀራቸው ነበር። አስተማሪው እቤታቸው ድረስ መጥቶ ባልና ሚስትን ሲያስቀራ፣ ከዚያም ቤት የዑመር ኢስላም ወጣ።

ከዚያው ትውልድ ስለ መጠን የምንማረው ነገርም አለ። ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሰዎችን የሚገሥጹት በየሐሙሱ ነበር። አንድ ሰው በየቀኑ ቢያደርጉት ምኞቱ እንደሆነ ቢነግራቸው እንዳያሰለቿቸው ፈርተው እምቢ አሉ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከእነርሱ ጋር እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር አስረዱት። በሌላ በኩል አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተላልፎልናል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናይ መንገዱ ይገለጥልናል፤ ትምህርቱ አይቋረጥ፣ ግን አያሰልች።

የኩታቡ ዓመት

እስልምና ሲስፋፋ ለልጆች ኩታብ የሚባለው የቁርአን ቤት በየሰፈሩ ተከፈተ። ዛሬ ቱኒዚያ ውስጥ ባለችው በቀይረዋን ሁለት ዓሊሞች ስለ ኩታብ አስተማሪዎች ለብቻው ጽፈዋል፤ በ256 ዓ.ሂ. የሞቱት ሙሐመድ ኢብኑ ሰሕኑንና በ403 ዓ.ሂ. የሞቱት አቡል ሐሰን አል-ቃቢሲ። ከጻፏቸው ጉዳዮች አንዱ ልጆች መቼ እንደሚያርፉ ነው።

ሳምንታዊው እረፍት ከሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ጁሙዓን ያካትታል፤ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ይመለሳሉ። ለዒደል ፊጥር አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሦስት። ለዒደል አድሓ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አምስት። ከዚህ የምናየው፣ እረፍቱ በየሳምንቱና በየዒዱ በትንሽ በትንሹ የተከፋፈለ እንጂ በአንድ ወቅት የተከመረ እንዳልነበረ ነው። የሂጅራው ዓመት ራሱ ከበጋ ወደ ክረምት ስለሚዞር የዒዶቹ እረፍት ከዝናብም ከአዝመራም ጋር አልታሰረም።

ከዓሊሞቻችን መካከል ሁለቱ ደግሞ ነገሩን ከሁለት አቅጣጫ አይተውታል። ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በኢሕያእ ላይ ልጅ ከኩታብ ሲመለስ መጫወት እንዲፈቀድለት ያሳስባሉ። ጨዋታ ተከልክሎ ሁልጊዜ በትምህርት የሚጨነቅ ልጅ ልቡ እንደሚሞት፣ ብልሃቱም እንደሚደነዝዝ፣ በመጨረሻም ከትምህርቱ የሚያመልጥበትን ዘዴ እንደሚፈልግ ይናገራሉ። ኢብኑ ኸልዱን በበኩላቸው በ1377 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቁት ሙቀዲማ ላይ ሌላውን ጫፍ ያስጠነቅቃሉ። በትምህርት መሐል ረጅም ክፍተት ሲገባ ተማሪው ይረሳል፤ የተያያዘው ነገርም ይበጣጠሳል ይላሉ። ልጅን በዱላና በኃይል ማስተማር ውሸትንና ስንፍናን እንደሚያወርሰውም ጽፈዋል።

ኢማም አል-ገዛሊ «አታስጨንቁት» ይላሉ፤ ኢብኑ ኸልዱን «አታቋርጡበት» ይላሉ። የእኛ የክረምት ኮርስ ሁለቱንም እያጣ አይደለምን? በሁለት ወር አጨናንቀን አሥር ወር እናቋርጣለን።

የአንደሉሱ አባት

ስለ ቤት ትምህርት ከታሪካችን እጅግ ልብ የሚነካው ከአንደሉስ የመጣው ነው። ግራናዳ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደቀች። በ1502 በካስቲያ ግዛት ያሉ ሙስሊሞች ወይ ተጠመቁ ወይ ውጡ ተባሉ። በ1567 ደግሞ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ በግራናዳ ግዛት ዐረብኛ መናገርና መጻፍን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። በአዋጁ መሠረት ጁሙዓ ቀን የቤት በር ሳይቀር ክፍት መሆን ነበረበት፤ ውስጥ የሚሰግድ እንዳይኖር።

በዚያ ዘመን ከኖሩት አንዱ ሙሐመድ ኢብኑ ዐብዱረፊዕ አል-አንደሉሲ ነው። በኋላ ወደ ቱኒዝ ተሻግሮ፣ በዚያው በ1052 ዓ.ሂ. የሞተ ሲሆን፣ ልጅነቱን በጽሑፍ ትቶልናል። በ4 ዓመቱ ወደ ክርስቲያኖቹ ትምህርት ቤት ተላከ። ቀን እዚያ የእነርሱን ሃይማኖት ይማራል። 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ ማታ እቤት እስልምናን ያስተምረው ጀመር። ከእንጨት የተሠራ ሉሕ አዘጋጀለት። ልጁን ስለ ክርስቲያኖቹ ፊደል ይጠይቀዋል፤ ልጁ አንዱን ሲጠራ አባት በምትኩ የዐረብኛውን ይጽፍለትና የእኛ ፊደል ይህ ነው ይለዋል። እንዲህ እያለ ፊደሉን በሁለት ዙር ጨረሰለት።

ከዚያ አባት ልጁን ምሥጢር እንዲጠብቅ አዘዘው፤ ከእናቱና ከአጎቱ እንኳ። እናቱን ልኮም «አባትህ ምን ያስተምርሃል?» ብላ እንድትጠይቀው አደረገ። ልጁ «ምንም» አላት። «አትፍራ፣ እኔም አውቃለሁ» ብትለውም አልተናገረም። አባትየው ልጁ ምሥጢር እንደሚጠብቅ ሲያረጋግጥ ከእናቱ፣ ከአጎቱና ከጥቂት ታማኝ ወዳጆች ጋር ስለ ዲኑ እንዲነጋገር ፈቀደለት። ካደገ በኋላም ወጣቱ እስከ ኮርዶባ፣ ሴቪያና ቶሌዶ ድረስ እየተጓዘ በድብቅ ዲናቸውን የያዙ ደጋግ ሰዎችን ፈለገ።

እዚህ ላይ ልናስተውል የሚገባን አለ። ይህ አባት በእሳት ሊቃጠል በሚችልበት ዘመን ያስተማረው ሲመቸው ወይም ሲያርፍ ብቻ አይደለም። ልጁ ሌላ ቦታ ሌላ ነገር በሚማርበት በዚያው ወቅት፣ በዚያው ቀን ማታ ነው ያስተማረው። ትንሽ ነበር፣ ግን አልተቋረጠም። አባትየው ብቻውን በቂ እንዳልሆነም ያውቅ ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ልጁን ከሌሎች ሙእሚኖች ጋር አገናኘው።

በእኛም አገር

አንደሉሶች ዐረብኛውን ሲያጡ ዲናቸውን በስፓኒሽ ቋንቋ፣ ግን በዐረብኛ ፊደል ጻፉት። ያ ጽሑፍ አልኻሚያዶ ይባላል፤ ቃሉ ዐጀሚ ከምንለው አንድ ሥር የመጣ ነው። የወሎ ዑለማዎችም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ዐጀሚ ብለውታል። ትምህርቱ ዐረብኛ ወደማይችሉት እናቶችና ልጆች፣ ወደ ጓዳ የገባው በዚህ መንገድ ጭምር ነው።

በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ወሰኑ። ገሚሱ ተሰደደ፤ እንደ ሼኽ ጦልሐ ኢብኑ ጀዕፈር ያሉት ተከታዮቻቸውን ይዘው ተቃወሙ፤ ሌላው ላይ ላዩን ተቀብሎ ውስጡን ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ንጉሡ በመተማ የሞቱት መጋቢት 1881 ነው። በቦሩ ሜዳ ዓመት የተወለደ ልጅ በዚያን ጊዜ 11 ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። ላይ ላዩን በተቀበለ ቤት ያደገ ልጅ ፋቲሓን ከአባቱ ወይም ከእናቱ ካልሰማ ከማን ሊሰማ ይችላል? ወሎ ዛሬ የዑለማ አገር ተብላ የምትጠራው እነዚያ ቤቶች ስላልዘነጉ ጭምር ነው።

በሰላሙ ጊዜም ቢሆን የአገራችን ደረሳ ቀርቶ አያልቅም ነበር። ሕፃኑ ሉሑን ይዞ ከሰፈሩ ቁርአን ቤት ይጀምራል፤ በጥቀርሻ ቀለም የተጻፈውን ሲይዘው አጥቦ ሌላ ያስጽፋል። ሲያድግ ለፊቅህና ለነሕው ከአንዱ ሼኽ ወደ ሌላው ይጓዛል። በሐረርም ልጆች ከከቢሮቻቸው ዘንድ ይቀሩ ነበር። እቤት የተጀመረው ወደ ሼኽ ይደርሳል እንጂ እቤት አይቀርም።

ምን ተለወጠ?

በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ብዙ ሙስሊም ወላጆች ለልጆቻቸው ዲን ሰግተው ከዘመናዊ ትምህርት ራቁ፤ ያም ዋጋ አስከፍሎናል። በኋላ ልጆቻችን ሲገቡ ደግሞ ጠዋቱንና ቀኑን፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለውን ጊዜ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ወሰደው። የሐሙስና የጁሙዓ እረፍት በቅዳሜና እሁድ ተተካ። ለቁርአን የተረፈው ክረምት ብቻ ሆነ። ማንም «ቁርአን የክረምት ይሁን» ብሎ አልወሰነም፤ ሳንወስን ተወሰነብን።

ታዲያ ምን እንወስን?

ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት እናስወጣ እያልን አይደለም። የአንደሉሱ አባት እንኳ አላስወጣም። በውጭ ያሉ ቤተሰቦቻችን ጉዳይ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ልጅን ሙሉ በሙሉ እቤት ማስተማር በሁሉም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ጀርመን ውስጥ ግን ልጅ ትምህርት ቤት መገኘቱ ግዴታ ነው። የዲን ትምህርትን እቤት፣ ዓመቱን ሙሉ ማስተማር ግን የትም ብንሆን በእጃችን ነው። ከታሪካችን የምንወስዳቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ክፍተቱን መዝጋት። መስከረም ሲገባ ሙስሐፉ መደርደሪያ ላይ አይውጣ። ከፈጅር በኋላ ወይም ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ያለችው ጊዜ፣ አምስት አንቀጽም ትሁን፣ ከሁለት ወር ጥድፊያ ትበልጣለች።

ሁለተኛ፣ እረፍቱን ማክበር። ሐሙስ ማታና ጁሙዓ ልጆቹ ይጫወቱ። ዒድ የዒድ ይሁን። በፈተና ሰሞን አዲስ ሒፍዝ ቀርቶ የተያዘው ብቻ ይከለስ። ዓመቱን ሙሉ መማር ዓመቱን ሙሉ መጨነቅ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ብቻችንን አለመሆን። የኢማም ማሊክ እናት ልጇን አልብሳና ጥምጥሙን ጠምጥማ ወደ ረቢዓ ስትልከው ከዒልሙ በፊት አደቡን እንዲማር አዘዘችው። የኢማም ሻፊዒ እናት ለአስተማሪ የምትከፍለው ሳይኖራት የቲሙን ልጇን ኩታብ ከማድረስ አልቦዘነችም። እቤት ያለው ወላጅ ያስጀምራል፣ ይከልሳል፤ ንባቡን የሚያርመው ግን ኡስታዝ ነው። ልጁ የጀማዓ ጓደኛም ያስፈልገዋል። ስለዚህ የክረምቱ ኮርስ አይቅር፤ ከባዶ መጀመሪያ መሆኑ ቀርቶ የዓመቱ ማጠናከሪያ ይሁን።

አራተኛ፣ «እኛ አናውቅም» ብሎ አለመተው። ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ የቁርአንን ትርጉም በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ አድርሰውልናል። ቃዒዳ ያልጨረሰ አባት ከልጁ ጎን ተቀምጦ አብሮ ቢጀምር ነውር የለውም። ሰዒድና ፋጢማም የተቀሩት ትዳር ከያዙ በኋላ ነው። ገና ያላገባችሁ ወጣቶችም ታናናሾቻችሁ አሉላችሁ፤ ዛሬ ማታ አንዱን አስቀምጣችሁ የያዘውን አስደግሙት።

ለዚያ የአንደሉስ አባት በሩን ዘግቶ ማስተማር የሞት አደጋ ነበር። የእኛ በር ጁሙዓ ቀን ማንም ክፈቱ አይለንም። የሚጎድለን ግማሽ ሰዓት ነው።

አላህ ቤቶቻችንን ቁርአን የሚቀራባቸው ያድርግልን፤ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ ያስተማሩንን ይዘንላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።