ከውጫሌ ሰፈር እስከ ሐይቅ ዳር

በግእዝ «ሐይቅ» የባሕር ወይም የወንዝ ዳር ማለት ነው፤ አማርኛ ቃሉን ወርሶ በዳርቻው ፋንታ ውሃውን ራሱን ይጠራበታል። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚገኘው ውሃና በአጠገቡ ለበቀለችው ከተማ ከዚህ የተለየ ስም አልተፈለገላቸውምና ሁለቱም በዚሁ አንድ ቃል ይታወቃሉ። መንገዱ ወደ ሰሜን ሲቀጥል የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ውጫሌ ይደርሳል። የውጫሌ ስም በዓለም የተሰማው ከኢጣሊያ ጋር በተደረገው ውል ምክንያት ሲሆን፣ ውሉን ያደረጉት ንጉሥ ምኒልክ በዚያን ጊዜ በጉዞ ላይ የነበሩና በድንኳን ያደሩ መንገደኛ መሆናቸው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ቤቱን ይዞ መጓዝ ለኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ለብዙ መቶ ዓመታት የተለመደ አኗኗር ነበር። ከዛግዌ በኋላ የተነሡት ነገሥታት ጎንደር እስክትቆረቆር ድረስ ጸንተው የተቀመጡበት ዋና ከተማ አልነበራቸውም፤ ግብር የሚሰበስቡት፣ የሚፈርዱትና የሚዘምቱት ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ሠራዊት የከተመበትን ማለትም ያረፈበትን ቦታ ያመለክት ነበር፤ በአዲስ አበባ የየመንደሩ መጠሪያ የሆነው «ሰፈር»ም የጥንት ትርጉሙ ከዚሁ የራቀ አይደለም። በሰፈሩ መካከል የንጉሡ ድንኳን ይተከላል፤ ዙሪያውን እልፍኙ፣ ግምጃ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱና ጠጅ ቤቱ እያንዳንዳቸው በየድንኳናቸው ይቆማሉ፣ ታቦቱም የራሱ ድንኳን አለው። የሹማምንቱ ማዕረግም ከዚሁ አሰላለፍ የተገኘ ነው፤ ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመው፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች በቀኝና በግራ የሚሰለፉት፣ ደጃዝማች የንጉሡን ደጅ የሚጠብቀው ነበሩ። ዛሬ በወግ ብቻ የሚነገሩት እነዚህ ስሞች በአንድ ወቅት ድንኳኑ የት እንደሚተከል የሚያስታውቁ ምልክቶች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ይህን የሚንቀሳቀስ ቤት የሚያኖሩት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ባል ሲዘምት ሚስት አብራ መውጣቷ የተለመደ ነበር፤ ስንቁን የምታሰናዳው፣ የምትፈጨው፣ የምትጋግረውና ጠጁን የምትጥለው እርሷ ወይም አብረዋት የሚጓዙት ናቸው። ስንቅ የሚባለው ሳይበላሽ ረጅም መንገድ የሚዘልቅ ምግብ ሲሆን፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭብጦና ቋንጣ ዋናዎቹ ናቸው፤ ለአጭር መንገድ ደግሞ በቆዳ የተለበጠው አገልግል ይበቃል። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ከባለቤታቸው ከምኒልክ ጋር እስከ መቀሌና አድዋ መዝለቃቸው በዚህ ልማድ ውስጥ የሚታይ እንጂ ድንገተኛ ነገር አልነበረም። ሰፈሩ በሚያልፍበት አገር ያለ ገበሬ ግን ጎተራው እንደሚራቆት ያውቅ ነበርና፣ ጉዞው ለተጓዡ የክብር ምልክት ሲሆን ለአስተናጋጁ መከራ ነበር።

በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ፣ ንጉሥ ምኒልክ ወደ ወሎ ተሻግረው ሰፈራቸውን አምባሰል ላይ አደረጉ። ዛሬ ይስማ ንጉሥ ተብሎ በሚታወቀው ቦታ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር 20 አንቀጾች ያሉትን ውል ተዋዋሉ። አንቶኔሊ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአሰብ ተነሥቶ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ የሚወስደውን የበረሃ መንገድ ያቀና ሰው ነበርና፣ የባሕሩ ዳር ወደ ውጫሌ የመጣው በእርሱ እግር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛውና ጣሊያንኛው መለያየታቸው፣ ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸውና የካቲት 23 ቀን 1888 በአድዋ የተደረገው ጦርነት በሌላ ቦታ በሰፊው የተጻፉ ናቸው። እዚህ መታወቅ ያለበት ምኒልክ ለጉዞ እንደተነሡ ሰፈሩ ተነቅሎ መሄዱና ለውጫሌ የቀራት ስሙ ብቻ መሆኑ ነው።

ቤትን አስከትሎ መጓዝ በአውሮፓ የመዝናኛ ልማድ መሆን የጀመረውም በዚያው ዘመን ነበር። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል በጡረታ የተገለለ ሐኪም፣ «ዋንደረር» ብሎ የሰየመውን በሁለት ፈረሶች የሚሳብ ተሽከርካሪ ቤት አሠርቶ ከደቡብ እንግሊዝ እስከ ስኮትላንድ ኢንቨርነስ የተጓዘው እ.ኤ.አ. በ1885፣ ማለትም ኢጣሊያ ምጽዋን በያዘችበት ዓመት ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አልጋና ምድጃ ባለው መኪና የባሕር ዳርቻ ለዳርቻ መጓዛቸው የዚህ ልማድ ቅጥያ ነው።

በአምባሰል ዙሪያ ግን የሽማግሌ ባልና ሚስት ጉዞ ሌላ ሥር አለው። «ጡረታ» ከ«ጦረ» የወጣ ቃል ሲሆን፣ መጦር ማለት ያረጀን ሰው መመገብና መንከባከብ ነው፤ «ጧሪና ቀባሪ» የሚለው አነጋገርም ሸክሙ በልጆች ላይ እንደነበር ያሳያል። መንግሥት ለሠራተኛው በደሞዝ ልክ አበል እንዲከፍል ያደረገው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ሲሆን፣ የመውጫው ዕድሜ 55 ዓመት ነበር፤ ይህም በ1995 በአዋጅ ቁጥር 345 ወደ 60 ከፍ አለ፤ በ2003 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችን አካተተ። ገበሬው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ለእርሱ ከሥራ መገለል ማለት በሬውን ለልጁ አስረክቦ ወደ ነፍሱ ጉዳይ መመለስ ነበር፤ በክርስቲያኑ ዘንድ ለዓመታት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት በእርጅናቸው ተያይዘው ይቆርባሉ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ደግሞ የቀረው ብዙ ጊዜ ቆብ ይደፋል፣ ማለትም ይመነኩሳል።

ይህ ዕድሜ የጉዞም ዕድሜ ነው። በአምባሰል የምትገኘው ግሼን፣ አናቷ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ አምባ ስትሆን፣ እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ ዙፋን ሊሹ ይችላሉ የተባሉ መሳፍንት የሚጠበቁባት ግዞት ነበረች። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግማደ መስቀሉ፣ ማለትም የክርስቶስ መስቀል ክፋይ፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በዚያ እንደተቀመጠ ያስተምራልና፣ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአገሩ ይጎርፋሉ፤ ከእነርሱም መካከል በበትር ተደግፈው አቀበቱን የሚወጡ አዛውንት ጥቂቶች አይደሉም። መሳፍንት እንዳይወርዱ የተከለከሉበት ገደል ሽማግሌዎች ወደው የሚወጡት ሆነ። በሙስሊሙም ዘንድ ዚያራ የሚባለው የቅዱሳን ቦታ ጉብኝት በወሎ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ ጀማ ንጉሥና ጌታ ከታወቁት ናቸው፤ አቅሙ የፈቀደለት ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሐጅ ያደርጋል። በእግር ዘመን እነዚህ ተጓዦች ከስንቃቸው በቀር የሚጭኑት አልነበራቸውም፤ ሲመሽባቸው ከሰው ደጅ ቆመው «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላሉ፣ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባል። ከንጉሡ ሰፈር ጋር ሲነጻጸር ይህ ጉዞ ለአገሩ የቀለለና፣ በዚህ ጽሑፍ አመለካከት፣ ከእርሱ የበለጠ ዕድሜ ያለው ነው።

በሐይቅ ዳር ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በአባ ኢየሱስ ሞዓ የተመሠረተ ሲሆን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚያ ተምረዋል፤ የገዳሙ አበው ዐቃቤ ሰዓት የሚባል በቤተ መንግሥት የከበረ ማዕረግ ነበራቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙን በደሴት ላይ እንዳለ አድርጎ ጽፏል፤ ዛሬ ውሃው ሸሽቶ መሬቱ ከየብሱ ጋር ተያይዟልና በእግር ይደረስበታል። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና እስከ 88 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ሲኖረው የሚወጣው ወንዝ የለውም፤ ስለዚህ ዝናብ ሲያጥር ዳርቻው ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ሲበዛም ይመለሳል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ የሚያገናኘው የመኪና መንገድ ሲሠራ፣ ሐይቅና ውጫሌ የአውቶቡስ መተላለፊያ ሆኑ፤ ቀድሞ ቀናት የሚፈጀው መንገድ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለሱበት ሆነ። ከደሴ ወደ ሐይቁ ዳር ለሽርሽር ወጥቶ ዓሣ በልቶ መመለስ ከዚያ ወዲህ የመጣ የከተሜ ልማድ ነው። ወደ እስጢፋኖስ የሚያመሩ ባልና ሚስት ግን በአንድ ነገር ከሌሎች ሽርሽረኞች ይለያሉ፤ ገዳሙ ሴት አያስገባምና በሩ ላይ ይለያያሉ፣ ባል ይሳለማል፣ ሚስት በዚያው አካባቢ ወዳለው የሴቶች ገዳም ትሄዳለች፣ ወይም ከውጭ ቆማ ትጸልያለች። ከሐይቅ ከተማ የሚነሣ ሌላ መንገድ በቢስቲማ በኩል ወደ ጭፍራ ቆላ ወርዶ ሚሌ ላይ ከአሰብ መንገድ ይገጥማል፤ ይህም አንቶኔሊ ከተነሣበት ባሕር የሚመጣው መንገድ ነው።