የአንድ ጠቢብ ቤት፤ የአንቶንዮ እስትራዲቫሪ ረጅም ሕይወት

የእጅ ጥበብን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሥራው እንጂ ስለ ሠሪው አይጽፉም፤ ስለ ሠሪው ሲጽፉም ከሚስቱና ከልጆቹ ለይተው ብቻውን ያቆሙታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ግን ቫዮሊን በመሥራት ስሙ በዓለም የታወቀውን ኢጣሊያዊ፥ አንቶንዮ እስትራዲቫሪን፥ በቤቱ ውስጥ በባልነቱና በአባትነቱ ለመመልከት እንሞክራለን። ሐሳባችንም ይህ ነው፤ ሰዎች የሥራው ምስጢር እያሉ የሚፈልጉት ነገር ከቫርኒሹ ይልቅ በቤተሰቡ አኗኗር ይገኛል፤ ነገር ግን ልጆቹ ለዚያ ሥራ ከባድ ዋጋ ከፍለዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

እስትራዲቫሪ የተወለደው በ1644 ገደማ ነው። ይህም የሚታወቀው በስተርጅናው በሠራቸው መሣሪያዎች ውስጥ በሚለጥፋቸው ወረቀቶች ላይ ዕድሜውን ይጽፍ ስለ ነበረ ነው። የኖረበት ከተማ ክሬሞና በሰሜን ኢጣሊያ በፖ ወንዝ አጠገብ ይገኛል፤ በዚያም የአማቲ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ ከመቶ ዓመት በላይ ቫዮሊን ሲሠራ ቆይቶ ነበር። እስትራዲቫሪም በ1666 በሠራው ቫዮሊን ላይ የኒኮሎ አማቲ ተማሪ መሆኑን ጽፏል።

በ1667 ፍራንቼስካ ፌራቦስኪ የምትባል ሴት አገባ። እርስዋም የመጀመሪያ ባልዋን የገዛ ወንድምዋ ስለ ገደለባት መበለት ሆና ትኖር ነበር። ስድስት ልጆች ወለዱ፤ ከእነዚህ አንዱ በሕፃንነቱ ሞተ። በ1680 ቤተሰቡ በቅዱስ ዶሜኒኮ አደባባይ ፊት ለፊት ወዳለ ቤት ገባ፤ እስትራዲቫሪም እስኪሞት ድረስ ኑሮውም ሥራውም በዚያው ነበር። ፍራንቼስካ በ1698 በሞተች ጊዜ ለካህናቱ፥ ለደወሉና ለመብራቱ ያወጣው ገንዘብ የተዘረዘረበት ወረቀት እስከ ዛሬ ይገኛል፤ ወጪው የባለጠጋ ቀብር ያህል ነው። በሚቀጥለው ዓመት አንቶንያ ዛምቤሊን አገባና አምስት ልጆች ወለደ። ስለዚህ በጠቅላላው የ11 ልጆች አባት ነው።

ሊቃውንት የሥራውን ወርቃማ ዘመን ከ1700 እስከ 1725 ያደርጉታል። ይህ ማለት ሁለተኛ ትዳሩን መሥርቶ፥ በቤቱ ሕፃናት እያለቀሱ፥ ዕድሜው ከ55 ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ ነው። ዛሬ በኦክስፎርድ አሽሞልያን ሙዚየም የሚገኘውን «መሲሕ» የተባለውን ቫዮሊን በ1716 ሲሠራ 72 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። በዕድሜው ሙሉ ከ1000 በላይ መሣሪያዎች እንደ ሠራ ይገመታል፤ ከእነዚህ ወደ 650 የሚሆኑ እስከ እኛ ዘመን ደርሰዋል።

ይህን ያህል ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። ከመጀመሪያ ሚስቱ የተወለዱት ፍራንቼስኮና ኦሞቦኖ በአባታቸው አጠገብ ተቀምጠው እንጨት ይልጉ፥ ኮላ ያጣብቁ፥ ቅርጽ ያወጡ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በተሠሩት መሣሪያዎች ላይም የሌላ ሰው እጅ በግልጽ ይታያል፤ በውስጣቸው የተለጠፈው ስም ግን የአባትየው ነው።

ስለ ምስጢሩ ብዙ ተብሏል። አንዳንዱ ቫርኒሹን፥ አንዳንዱ በዚያ ዘመን የነበረው ብርድ ዛፉን በዝግታ ማሳደጉን ምክንያት ያደርጋል። ዳሩ ግን በ2014 በታተመ አንድ ጥናት 10 የታወቁ ተጫዋቾች ዐይናቸው ተሸፍኖ አሮጌና አዲስ ቫዮሊኖችን ሲሞክሩ፥ 6ቱ የመረጡት አዲሱን ነበር። እንግዲህ እንጨቱ ተአምር የለበትም። ይልቁንስ አንድ ሰው 70 ዓመት ያህል በአንድ ሙያ ሲጸና፥ ልጆቹም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እጁን እያዩ ሲያድጉ፥ ሙያው እየጠራ መሄዱ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ውዳሴውን ብቻ ጽፎ ማለፍ አይገባውም። ፍራንቼስኮና ኦሞቦኖ ሁለቱም ሳያገቡ ሞቱ። አባታቸው በ1729 በተናዘዘ ጊዜ ፍራንቼስኮ 58፥ ኦሞቦኖ 50 ዓመት ሆኖአቸው ገና በአባት ቤት የአባት ረዳቶች ነበሩ። በኑዛዜው ዋናው የሥራ ወራሽ ፍራንቼስኮ ነው፤ ኦሞቦኖ ግን በወጣትነቱ ወደ ናፖሊ ሄዶ ያስወጣው ገንዘብ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ተቈጥሮበታል። ምናልባት ያ ጉዞ ከአባቱ ጥላ ለመውጣት የሞከረበት አንድ ጊዜ ይሆናል። የአባት ፍቅር ልጅን እንደሚያሳድግ ሁሉ፥ ሲበዛ ደግሞ ቆሞ እንዳይሄድ ሊያስረው ይችላል።

በ1729 እስትራዲቫሪ በቅዱስ ዶሜኒኮ ቤተ ክርስቲያን ለራሱና ለቤተሰቡ መቃብር ገዛ። አንቶንያ በመጋቢት 1737 ሞተች፤ እርሱም ዘጠኝ ወር ቆይቶ ታኅሣሥ 18 ቀን ተከተላት። ኦሞቦኖ በ1742፥ ፍራንቼስኮ በ1743 ሞቱ፤ በዚያም የቤቱ ሙያ ተቋረጠ። ጳውሎስ የተባለው የመጨረሻው ልጅ የጨርቅ ነጋዴ ስለ ነበረ የአባቱን መሣሪያና የቅርጽ መለኪያ በ1775 ለኮዚዮ ዲ ሳላቡዌ ሸጠ። ከዚያ ውስጥ ብዙው ዛሬ በክሬሞና የቫዮሊን ሙዚየም ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑ ግን በ1869 ስለ ፈረሰ መቃብሩ ጠፍቷል።

በ1721 የሠራው አንድ ቫዮሊን በ2011 ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዋጋው ስለ እርሱ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ከዚህ ይልቅ ለሚስቱ ቀብር ያወጣው ገንዘብ የተጻፈባት ወረቀትና ያች ኑዛዜ ብዙ ይነግሩናል። እኛም የአንድን ጠቢብ ታሪክ ስንመረምር፥ በሥራው ላይ ስማቸው ያልተጻፈውን ረዳቶች ጭምር ልንጠይቅ ይገባናል።