የአንደኛ ክፍል ሳምንት በሐረር

በሐረር ከተማ የአንደኛ ክፍል ሳምንት ሰባት ዓመት የሞላቸው ልጆች ከሰኞ እስከ ዓርብ ፊደል የሚቆጥሩበት፣ ቁጥር የሚለምዱበትና አካባቢያቸውን በስሙ መጥራት የሚጀምሩበት የትምህርት ዙር ነው። መርሐ ግብሩ ከሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ብዙም አይለይም። የሐረርን ሳምንት የተለየ የሚያደርገው በአንድ ከተማ ውስጥ በሐረሪ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚማሩ ልጆች ጎን ለጎን መኖራቸውና ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከመደበኛው ትምህርት ቤት ሌላ የቁርኣን ወይም የቄስ ትምህርት ቤት ሳምንትም ያላቸው መሆኑ ነው።

ቦታውና ልጆቹ

ሸዋ በር የጥንቱን የሐረር ከተማ በሚከበው በጀጎል ግንብ ምዕራባዊ ወገን ይገኛል፤ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት አሚር ኑር ሲሆኑ፣ ከጥንት የነበሩት በሮች አምስት ናቸው። መኪና የሚገባበት ትልቁ የሐረር በር ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ነው። ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው።

ከሸዋ በር ውጭ ገበያ አለ። ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ የኦሮሞ ሴቶች ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ድንቹን በመደብ በመደብ ደርድረው ይሸጣሉ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ በእነዚህ መደቦች መካከል ያልፋል። ቤቱ ውስጥ አንድ ቋንቋ ሰምቶ ይወጣል፣ ገበያው ላይ ሌላ ይሰማል፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር በሦስተኛው ይጫወታል። ጅብን በአማርኛ ጅብ፣ በሐረሪ ወራባ፣ በኦሮሞኛ ወራቤሳ ብሎ መጥራት ለሐረር ልጅ ትምህርት አይደለም፤ ኑሮ ነው። «አቦ!» የሚለውን ቃል ደግሞ በሦስቱም ቋንቋ መሃል ሲያስገባው ይሰማል።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሐረሪ ክልል ነዋሪ 183,415 ነበር። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ ኦሮሞ፣ አምስተኛ ከሚሆነው ትንሽ የሚበልጠው አማራ፣ ከአሥር አንድ የማይሞላው ሐረሪ ነው። ከሦስቱ በተናጋሪ ቁጥር ትንሹ የሆነው የሐረሪ ቋንቋ የክፍል ቋንቋ ሆኖ መቆየቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። ከአማርኛ በቀር ብዙ ተናጋሪ ያላቸው የአገሪቱ ቋንቋዎች እንኳ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የወጡት በቅርብ ጊዜ ነው።

የኋላ ታሪኩ

ዘመናዊው ትምህርት ወደ ሐረር ሲመጣ ልጆቹን ሥራ ፈትተው አላገኛቸውም። በጀጎል ውስጥ ካቢር በሚባለው የቁርኣን መምህር ዘንድ ተቀምጦ በሎህ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ፣ የዐረብኛ ፊደል መለየትና ቁርኣን መቅራት የቆየ ልማድ ነው። ክርስቲያኑ ልጅ ደግሞ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ ንባብ አልፎ ዳዊት ይደግም ነበር። ሁለቱ ቤቶች በሃይማኖት ይለያዩ እንጂ በአሠራር ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ታላቁ ታናሹን ያርማል፣ ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ይሄዳል።

ራስ መኰንን ሐረርን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስተዳድሩ የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን በከተማዋ ያስተምሩ ነበር። ልጃቸው ተፈሪ መኰንንም ትምህርታቸውን የጀመሩት እዚሁ ሲሆን፣ ከመምህሮቻቸው አንዱ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ከግብፅ ያስመጧቸው የቅብጥ መምህራን ከአዲስ አበባ ሌላ ከተመደቡባቸው ከተሞች አንዷም ሐረር ነበረች። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ ለመላ አገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ በቤቱ ሐረሪ ወይም ኦሮሞኛ የሚናገር የሸዋ በር ልጅ ፊደሉንም ቋንቋውንም በአንድ ጊዜ እንዲማር ተገደደ። ይህን የለወጠው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። በፖሊሲው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲገባ ተደረገ። ቀድሞ በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ የኖረው የሐረሪ ቋንቋ በግዕዝ ፊደል ወደ መማሪያ መጽሐፍ ገባ፤ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ተጻፈ።

የሳምንቱ አሠራር

ሳምንቱ የሚከፈተው ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ከዚያ ልጆቹ በየክፍላቸው ተራ ይገባሉ። በመስከረም የአንደኛ ክፍል ሰልፍ ቀጥ አይልም። አንዱ ታላቅ እህቱን ፍለጋ ዞሮ ያያል፣ ሌላው ቦርሳው ከጀርባው ይረዝማል። ኅዳር ሲደርስ ግን ተረኛው ጠመኔ ያመጣል፣ አለቃው የሚረብሽ ስም ይይዛል፣ ልጆቹም የክፍሉን ሥርዓት ከመምህሯ በላይ ይጠብቁታል።

አንድ ክፍለ ጊዜ በአብዛኛው 40 ደቂቃ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ይማራሉ። በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር አብዛኛውን ትምህርት ይዞ መዋሉ የተለመደ ነው። ይህ አሠራር ድካሙ ብዙ ነው፤ ጥቅሙም የዚያኑ ያህል ነው። ጠዋት ንባብ ላይ አንገቱን የደፋው ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጁን ሲያወጣ የምታየው ያችው መምህርት ናት።

መምህርቷ ዓመታዊ ዕቅዷን በሳምንት፣ የሳምንቱን በቀን ከፋፍላ ትይዛለች። ወረቀቱ ላይ ዓላማ፣ ይዘት፣ የማስተማሪያ ዘዴ፣ መርጃ መሣሪያና ምዘና የሚሉ ዐምዶች አሉ። የዕቅዱ ትክክለኛ ፈተና የሚመጣው ሐሙስ አካባቢ ነው። የሰኞው ፊደል ያልገባው ልጅ ስንት እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ስለሆነ፣ ጠንቃቃ መምህርት አዲስ ነገር ከመጀመር ወደ ኋላ ተመልሳ ትከልሳለች።

ፊደል

የሳምንቱ ሁሉ እምብርት የአፍ መፍቻ ቋንቋው ክፍለ ጊዜ ነው። በአማርኛው ክፍል 33 የፊደል ቤቶች እያንዳንዳቸው ሰባት ቅርጽ አላቸው፤ በድምሩ 231 መሆኑ ነው። በሳምንት አንድ ቤት ብቻ ቢኬድ 33 ሳምንት ይፈጃል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለው የትምህርት ጊዜ ፈተናውና በዓሉ ሲነሣለት ከዚህ ብዙም አይተርፍም። ስለዚህ የፊደል ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ ማስጠናት ብቻ አይበቃም። ልጁ «ለ ሉ ሊ» እያለ ሳይሳሳት ይወርዳል፤ «ሊ»ን ለብቻዋ ነጥለው ሲያሳዩት ግን ከ«ለ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኛትም። ይህን የአንደኛ ክፍል መምህራን ሁሉ ያውቁታል። መድኃኒቱ ፊደሏን በቃል ውስጥ ማሳየት ነው፤ ሎሚ፣ ላም፣ ልብስ እያሉ።

ቋንቋውን ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም ከሁሉ በላይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ተብሎ የተጻፈው በዓሉ ሊሆን ይችላል፣ ያልደረሰ ጊዜም ሊሆን ይችላል። «ዋና» ውሃ ውስጥ ነው ወይስ ከሁሉ የሚበልጠው? በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ዐረፍተ ነገሩን ሰምቶ ራሱ ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋል። ቋንቋውን ትምህርት ቤት የጀመረው ልጅ የሚደገፍበት የለውም። በቁቤ የሚማረው ልጅ ደግሞ መጥበቁም የአናባቢው መርዘምም ስለሚጻፍለት በዚህ በኩል ይቀለዋል፤ ለፈ ብሎ መሬት፣ ላፋ ብሎ ለስላሳ ማለቱን በዓይኑ ይለያል። በአንጻሩ አንድ ድምፅ ለመጻፍ ሁለት ፊደል የሚያጣምርበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ጽሕፈቶች የየራሳቸው ቅለትና ክብደት አላቸው፤ የትኛው ለልጅ ይሻላል የሚለውን ክርክር እዚህ ማንሣት አያስፈልግም።

በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተደረገው የታችኞቹ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሸፈናቸው ቋንቋዎች አንዱ ሐረሪ ነበር። በምዘናው ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህ ውጤት የአንደኛ ክፍል ሳምንት እንዴት እንዳለፈ የሚናገር ነው። ያን ጊዜ በታችኞቹ ክፍሎች ነፃ ዝውውር ስለነበር፣ ያላነበበውም ልጅ ካነበበው ጋር ወደ ላይ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የንባብ መጻሕፍት በየቋንቋው እንደ አዲስ ተዘጋጅተዋል፤ ድምፅን ለይቶ መስማት፣ ፊደልን ማወቅ፣ ቃል ማንበብና ያነበቡትን መረዳት በየሳምንቱ ተራ እንዲይዙ ተደርጓል።

ቁጥርና አካባቢ

ሒሳብ የሚጀምረው በሚጨበጥ ነገር ነው። ልጆቹ ጠጠር፣ ቆርኪና ስንጥር ይዘው ይመጣሉ፤ አሥሩን ስንጥር በክር ያስሩና «አንድ አሥር» ይሉታል። እስከ 100 መቁጠር የዓመቱ ሥራ ነው። በዚህ ረገድ የሸዋ በር ልጅ ሰፊ መርጃ መሣሪያ አለው። እያንዳንዱ የገበያ መደብ እኩል ቁጥር ያለው ክምር ስለሆነ፣ አምስት አምስት ድንች ያለበት ሦስት መደብ ስንት ድንች እንደሚሆን መምህርቷ ሳትጠይቀው እናቱ ጠይቃዋለች። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት፣ የተጨመረው አንድ ማለትም መደመር ነው።

የአካባቢ ሳይንስ ከራስ ተነሥቶ ወደ ቤተሰብ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሰፈር ይሰፋል። ስለ ውሃ የሚወራበት ሳምንት ሐረር ላይ ቀላል አይደለም። ከተማዋ ለብዙ ዘመን ስትጠጣ የኖረችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. ጀልባ ሰጥማ የሞቱበት ያ ሐይቅ፣ ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ውሃው ሸሽቶ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ለማስመጣት ተገደደች። ዛሬ አንደኛ ክፍል ያሉት ልጆች ያን ድርቀት አላዩትም፤ ቢጫ ጀሪካን ግን ሁሉም ያውቃሉ። «ውሃ ከየት ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ የመጽሐፉ መልስ ወንዝና ዝናብ ሲሆን፣ የልጆቹ መልስ «ከቦቴ» የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጎበዝ መምህርት ሁለቱንም መልስ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች።

በጥበባት ክፍለ ጊዜ ጭቃ ይቦካል፣ ወረቀት ይታጠፋል፣ ሥዕል ይሣላል። የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌት ያጌጠ ስለሆነ፣ ክብና ተደጋጋሚ ቅርጽ ሣሉ ሲባሉ ብዙዎቹ የሚሥሉት በቤታቸው ያዩትን ነው። ሰውነት ማጎልመሻ በሜዳ ይካሄዳል፤ ሜዳ በሌለበት በግቢው ጥግ ሩጫ፣ ሰኞ ማክሰኞና ገመድ ዝላይ ይሆናል።

ዓርብና ከዓርብ ወዲያ

ዓርብ የሳምንቱ ክለሳ ቀን ነው። ሳምንቱን የተማሩት ፊደል በቃል ጽሕፈት ይጠየቃል፤ ደብተር ይታረማል፣ «ወላጅ ይፈርም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይሰፍርበታል። ለጁምዓ ሶላት ሲባል የቀትሩ ዕረፍት ይረዝማል። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ይህ ዕረፍት የሁለቱን ፈረቃ መለዋወጫ ስለሚነካ፣ በዓርብ የክፍለ ጊዜው ርዝመት ሊያጥር ይችላል።

የልጁ ሳምንት ግን እዚህ አያልቅም። ቁርኣን የሚቀራው ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ካቢር ዘንድ ይሄዳል፤ በቁርኣን ቤት ልማድ የዕረፍቱ ጊዜ ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ ስለሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ለእሱ የሥራ ቀን ነው። ክርስቲያኑ ልጅ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት አለው። ስለዚህ አንድ የሰባት ዓመት ሐረሪ ልጅ በአንድ ሳምንት የግዕዝን፣ የዐረብኛንና የእንግሊዝኛን ፊደል ሊነካ ይችላል፤ አንዱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሁለቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። በመስከረም ደብተሩን ከቀኝ የሚጀምር ልጅ ቢገኝ ስለዚህ ነው፤ ስንፍና አይደለም፣ እንደዚያ ተብሎ መቀጣትም የለበትም።

ሳምንቱን የሚያቋርጡ በዓላት ብዙ ናቸው። ከረመዳን በኋላ የስድስቱ ቀን የሸዋል ጾም ሲፈጸም የሚከበረው ሹዋሊድ፣ ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው፣ ከተማዋን በዚክርና በከበሮ ያደምቃታል። በማግሥቱ ክፍል የሚገባው ልጅ ለንግግር ልምምድ የሚሆን ወሬ አያጣም።

የመምህሩ ጫና

በአገሪቱ መለኪያ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ሊኖር የሚገባው 50 ተማሪ ነው። ሃምሳ ልጅ በ40 ደቂቃ ውስጥ አንድ በአንድ ላስነብብ የምትል መምህርት ለአንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ አይደርሳትም። ለዚህ ነው የጋራ ንባብ፣ ከዚያ የረድፍ፣ ከዚያ የጥንድ፣ በመጨረሻ የግል ንባብ እየተባለ የሚወረደው። በተከታታይ ምዘና የእያንዳንዱ ልጅ ውጤት በየጊዜው እንዲመዘገብ ይጠበቃል፤ የመዝገቡ ሥራ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ማታ ቤት ውስጥ ነው።

ዓመቱ ወደ ሰኔ ሲጠጋ ውጤቱ መንገድ ላይ ይታያል። በሐረር የሱቅና የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያዎች በግዕዝና በላቲን ፊደል በሦስቱ ቋንቋዎች ይጻፋሉ። በአማርኛ የተማረው ልጅ ከሸዋ በር ሲወጣ አንገቱን አቅንቶ የላይኛውን መስመር ፊደል በፊደል ያነባል። ቀጥሎ የሐረሪውን ይሞክራል፤ ፊደሉ ስለሚታወቀው ይወጣለታል፣ ቃሉንም ከጎረቤቱ ሰምቶታል። የኦሮሞኛው ላይ ሲደርስ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የለመዳቸውን ፊደላት ይፈልጋል፤ ሁለቱን አግኝቶ ሦስተኛው ሲጠፋው፣ የቲማቲም ሻጯን ልጅ፣ በአፋን ኦሮሞው ክፍል የምትማረውን፣ ይጠይቃታል።