ጂጂ እና «ዛየን ሩትስ»፦ ስማቸው ላልተመዘገበ አቀንቃኞች የቀረበ ክብር

«ዛየን ሩትስ» (የጽዮን ሥሮች) ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በተሰኘ የሙዚቃ ቡድን ስም እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረበችው አልበም ነው። አልበሙ ከታላላቅ የጃዝ ሙዚቀኞች ጋር የሠራች ድምፃዊት ወደ ሀገሯ የሕዝብ ዜማ ተመልሳ ለቀደሙት አቀንቃኞች ክብር የሰጠችበት ሥራ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

እጅጋየሁ የተወለደችው በጎጃም፣ ቻግኒ ከተማ ነው። ቻግኒ ዛሬ በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የምትገኝ ስትሆን፣ ቀደም ሲል መቀመጫው ደብረ ማርቆስ በነበረው የጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ማኅሌት መቆም በልማድ የወንዶች ድርሻ ቢሆንም፣ ድምፃዊቷ በልጅነቷ የቤተ ክርስቲያን ዜማን በቤተሰቧ ቤት ከአንድ ካህን ተምራለች። ከአዝማሪው ዘፈን ጎን ለጎን ይህ ትምህርት በአዘፋፈን ስልቷ ላይ ጉልህ አሻራ አሳርፏል።

እጅጋየሁ በኬንያ ከቆየች በኋላ ኑሮዋን በአሜሪካ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የተሰየመው አልበሟ በፓልም ፒክቸርስ አማካይነት ለገበያ ቀርቧል። በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት በተዘጋጀው በዚህ ሥራ ላይ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስን የመሰሉ ስመ ጥር የጃዝ ሙዚቀኞች ተሳትፈዋል። «ዓባይ» እና «ዓድዋ» የተሰኙት ዘፈኖችም የሚገኙት በዚሁ አልበም ውስጥ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የቀረበው «ዛየን ሩትስ» በአንጻሩ የኤሌክትሮኒክስ ድምፅን ቀንሶ በአኮርዲዮን፣ በጊታርና በከበሮ ላይ አተኩሯል። ደቡብ አፍሪካዊው ቶኒ ሴድራስ በአኮርዲዮን፣ ሴኔጋላዊው አይብ ዲየንግ ደግሞ በምት መሣሪያዎች አጅበዋታል። በአልበሙ ውስጥ እንደ «ባቲ» ያሉ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ በቃል የተላለፉ የሕዝብ ዜማዎች ተካተዋል።

ለቀደመ አቀንቃኝ አልበም ማበርከት በሌሎች አገሮችም የተለመደ ነው። ወላጆቿ ከኡጋንዳና ከሩዋንዳ የሆኑት የጃዝ ድምፃዊት ሶሚ፣ የደቡብ አፍሪካዊቷን ሚሪያም ማኬባ ሥራዎች በአዲስ መልክ የተጫወተችበትን «ዘንዚሌ» የተሰኘ አልበም እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2022 አቅርባለች። ዕለቱ ማኬባ የተወለደችበት 90ኛ ዓመት ነበር። ማኬባ በአፓርታይድ መንግሥት ፓስፖርቷ ተሰርዞ በስደት በነበረችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ለመሪዎች መዝፈኗ ይታወሳል።

በሁለቱ አልበሞች መካከል ያለው ልዩነት ግን መሠረታዊ ነው። የማኬባ ስም፣ የሕይወት ታሪክና ሥራዎች ተመዝግበው የሚገኙ በመሆናቸው ሶሚ ክብሩን ለማን እንደምትሰጥ ታውቃለች። በአንጻሩ የሕዝብ ዜማዎችን በሠርግ፣ በደቦና በአዝማሪ ቤት ጠብቀው ያቆዩት አቀንቃኞች በአብዛኛው ስማቸው በጽሑፍ አልሰፈረም።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ አመንጪ በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመታት የሚዘልቅ የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ካልታወቀ መብቱን የሚጠይቅ ወገን አይኖርም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀችው የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነትም አባል አገሮች በግዛታቸው ያሉትን እነዚህን ቅርሶች በመለየት በዝርዝር እንዲመዘግቡ ያስገድዳል።

በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ የባህል ጽሕፈት ቤቶች ዜማን ሲቀርጹ የአቀንቃኙን ስም፣ ቦታውን፣ ዕለቱንና ዜማውን ከማን እንደተማረ አብረው ቢመዘግቡ፣ ነገ የሚዘጋጅ የመታሰቢያ አልበም ባለውለታውን በስሙ ለመጥራት ያስችለዋል።