ስቴቪያ (ማጣፈጫ)

ስቴቪያ (ሳይንሳዊ ስሙ፦ ስቴቪያ ሬባውዲያና) በደቡብ አሜሪካ፣ በፓራጓይና በብራዚል ድንበር አካባቢ የሚገኝ፣ ቅጠሉ በጣም የሚጣፍጥ ትንሽ ተክል ነው። ከቅጠሉ ተጣርቶ የሚወጣው ማጣፈጫም በዚሁ ስም ይጠራል። የተጣራው ነጭ ዱቄት ከተራ ስኳር ከ200 እስከ 300 ጊዜ ያህል ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ሆኖም ለሰውነት የሚሰጠው ካሎሪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠንም ከፍ አያደርግም። በዚህ ምክንያት ብዙ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች ስኳርን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ለመተካት ይጠቀሙበታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ስኳር ለምን ይተካል?

አንድ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የተለመደ የኮላ ቆርቆሮ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። ይህም ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ካሎሪ ከተጨማሪ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ መክሯል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው 10 በመቶው 50 ግራም፣ 5 በመቶው ደግሞ 25 ግራም ስኳር ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ቆርቆሮ ብቻውን ሁለተኛውን ልክ ያልፋል።

ሳካሪንና አስፓርቴምን የመሳሰሉ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች ይህን ችግር ቀደም ብለው ፈትተው ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ጠጪዎች በእነዚህ ላይ ጥርጣሬ ስላላቸው፣ ፋብሪካዎች «ከተክል የተገኘ» ተብሎ ሊጻፍበት የሚችል ማጣፈጫ ሲፈልጉ ቆይተዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፦ የተምር ሽሮፕና የአጋቬ ሽሮፕም ከተክል የሚገኙ ናቸው፣ ግን ጣፋጭነታቸው የሚመጣው ከራሱ ከስኳር ነው። ስቴቪያ ከእነዚህ የሚለየው የሚጣፍጠው ንጥረ ነገር ስኳር ባለመሆኑ ነው።

ተክሉ

ስቴቪያ ከኑግ፣ ከሱፍና ከአደይ አበባ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ አበባው ትንሽና ነጭ ነው። ውርጭ አይችልም። ዘሩ በቀላሉ ስለማይበቅል ገበሬዎች ብዙ ጊዜ ከግንዱ ቆርጠው ይተክሉታል። ካበበ በኋላ የቅጠሉ ጣፋጭነት ስለሚቀንስ ምርቱ የሚሰበሰበው አበባው ሊፈነዳ ሲል ነው።

በፓራጓይና በብራዚል የሚኖሩት የጓራኒ ሕዝቦች ተክሉን «ካአ ሄኤ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ጣፋጭ ቅጠል እንደማለት ነው። መራራ የሆነውን የማቴ ሻይና የባህል መድኃኒቶችን ለማጣፈጥ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ታሪክ

ተክሉን ለሳይንስ ያስተዋወቀው በፓራጓይ ይኖር የነበረው የስዊዘርላንድ ተወላጅ የዕፅዋት ተመራማሪ ሞይሰስ ሳንቲያጎ ቤርቶኒ ነው። ስለ ቅጠሉ የሰማው ከአገሬው ሰዎች ሲሆን በ1899 በጽሑፍ ገለጸው፤ አሁን የሚታወቅበትን ሳይንሳዊ ስም የሰጠው ደግሞ በ1905 ነው። «ሬባውዲያና» የሚለው ቃል ቅጠሉን በኬሚስትሪ ለመረመረው ለፓራጓያዊው ኦቪዲዮ ሬባውዲ መታሰቢያ ነው። በ1931 ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ስቴቪዮሳይድ የተባለውን ጣፋጭ ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ለይተው አወጡ።

በምግብ ኢንዱስትሪ ደረጃ ቀድማ የተጠቀመችበት ጃፓን ናት። በ1969 ሳይክላሜት የተባለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ በአሜሪካና በጃፓን ሲታገድ፣ የጃፓን ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ ስቴቪያ አዞሩ፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም በአገሪቱ ገበያ ላይ ይገኛል።

በአሜሪካ የነበረው መንገድ የተጠማዘዘ ነበር። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በ1991 ስቴቪያ ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። በ1995 ክልከላው ላላ፣ ግን ስቴቪያ የሚፈቀደው «ተጨማሪ ምግብ» ተብሎ ሲሸጥ ብቻ ሆነ። በመሆኑም አንድ ሰው ዱቄቱን ገዝቶ በቤቱ ሻይ ውስጥ መጨመር ሲችል፣ ያንኑ ዱቄት ለስላሳ ውስጥ የጨመረ ፋብሪካ ግን ሕግ ይተላለፍ ነበር። ይህ ሁኔታ እስከ ታኅሣሥ 2008 ቆየ። በዚያ ወር መሥሪያ ቤቱ ሬባውዲዮሳይድ ኤ የተባለውን የተጣራ ዓይነት በምግብና በመጠጥ ውስጥ ማስገባትን እንደማይቃወም አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኮካ ኮላ ከካርጊል ጋር «ትሩቪያ»ን፣ ፔፕሲኮ በበኩሉ «ፒውርቪያ»ን ይዘው ቀርበው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ የሰጠው በ2011 መጨረሻ ሲሆን፣ በመለያ ቁጥር ኢ960 ይታወቃል።

ለምን ይጣፍጣል፣ ለምንስ ይመራል?

የስቴቪያ ጣፋጭ ንጥረ ነገሮች በአንድነት ስቴቪዮል ግላይኮሳይድ ይባላሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት እምብርት አላቸው፣ እሱም ስቴቪዮል ነው። በእምብርቱ ላይ በተለያየ ቁጥርና ቦታ የግሉኮስ ቅንጣቶች ተያይዘውበታል። ቅጠሉ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ስቴቪዮሳይድና ሬባውዲዮሳይድ ኤ ናቸው።

እነዚህ ንጥረ ነገሮች የምላስን የጣፋጭ ተቀባዮች ብቻ ሳይሆን አንዳንድ የመራራ ተቀባዮችንም ይቀሰቅሳሉ። ለዚህ ነው ስቴቪያ ያለበትን መጠጥ የሚጠጣ ሰው መጀመሪያ ጣፋጭነቱ ዘግየት ብሎ የሚሰማው፣ ከዋጠው በኋላ ደግሞ የሚመር ጣዕም አፉ ውስጥ የሚቆየው። መጠኑ በጨመረ ቁጥር ምሬቱም ይጎላል።

ሌላው ችግር የክብደት ነው። አንድ ሊትር ኮላ ውስጥ ከ100 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ይህ ስኳር መጠጡን ከማጣፈጥ ሌላ ወፈር ያደርገዋል። በቦታው ከአንድ ግራም የማይሞላ ዱቄት ሲገባ መጠጡ አፍ ላይ ቀጭን ይሆናል። በሌላ በኩል ስቴቪያ ሙቀትንና አሲድን በደንብ ስለሚቋቋም፣ አሲድ በሚበዛበት ለስላሳ ውስጥ ከአስፓርቴም የተሻለ ዕድሜ አለው።

በለስላሳ መጠጦች ውስጥ

በዚህ ረገድ ይበልጥ የሚጠቀሰው ኮካ ኮላ ላይፍ ነው። አረንጓዴ መለያ የነበረው ይህ መጠጥ በ2013 በአርጀንቲናና በቺሊ ተጀምሮ በ2014 ወደ ብሪታንያና አሜሪካ ገባ። በውስጡ ስቴቪያ ብቻ ሳይሆን ስኳርም ነበረበት፦ የብሪታንያው 330 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ 22 ግራም ስኳር ይዞ ነበር። ፔፕሲም በ2014 ያቀረበው «ፔፕሲ ትሩ» እንዲሁ የሁለቱ ድብልቅ ነበር።

ስኳሩ ለምን ሙሉ በሙሉ እንዳልወጣ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአንድ ሊትር ለስላሳ ውስጥ በስቴቪዮል ልክ ተሰልቶ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ አይፈቅድም። ይህ ወደ 240 ሚሊ ግራም ሬባውዲዮሳይድ ኤ ይሆናል። በ200 ሲባዛ የሚተካው ስኳር ወደ 48 ግራም ነው፤ ይህም ኮላው ከሚፈልገው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ ለመሄድ ሕጉ ባይከለክል እንኳ ምሬቱ ይከለክላል።

ኮካ ኮላ ላይፍ ብዙ አልቆየም፤ በ2017 ከብሪታንያ ገበያ ወጣ። ስኳር መቀነስ የፈለገ ሰው ምንም ስኳር የሌለበትን መጠጥ ሲያገኝ፣ የጣዕም ለውጥ ያልፈለገው ደግሞ በቀድሞው ኮላ ሲጸና፣ መካከለኛው መጠጥ ደንበኛ አጣ ማለት ይቻላል። ስቴቪያ ይበልጥ የተሳካለት በሎሚ ጣዕም መጠጦች፣ በቀዝቃዛ ሻይና በፍራፍሬ መጠጦች ውስጥ ነው፤ የሎሚው ኮምጣጣነት ምሬቱን ይሸፍነዋል።

አሁን ትኩረቱ ወደ ሬባውዲዮሳይድ ኤም ዞሯል። ጣዕሙ ለስኳር ይቀርባል፣ ምሬቱም ትንሽ ነው፤ ችግሩ በቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ኩባንያዎች ዘረመሉ በተለወጠ እርሾ አማካይነት፣ ስኳርን በማብላላት ያመርቱታል። በዚህ መንገድ የተገኘው ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆንም የስቴቪያ ቅጠል ግን አልነካውም። «ተፈጥሯዊ» ተብሎ መጠራቱ የሚያከራክረውም ለዚህ ነው። በእርግጥ ከቅጠሉ የሚወጣውም ቢሆን በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተጣርቶና በአልኮል ታጥቦ ክሪስታል እስኪሆን ድረስ ረጅም የፋብሪካ ሂደት ያልፋል። የአሜሪካው ፈቃድ የሚመለከተውም ይህን የተጣራውን እንጂ ጥሬ ቅጠሉን አይደለም።

ጤና

ስቴቪዮል ግላይኮሳይድ በጨጓራና በትንሹ አንጀት ውስጥ አይፈጭም። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ግሉኮሱን ይነጥቁታል፤ የቀረው ስቴቪዮል ወደ ደም ገብቶ ጉበት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ በሽንት ይወጣል።

በ1968 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ተክሉ መውለድን ይቀንሳል፣ በ1985 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ስቴቪዮል በላቦራቶሪ ውስጥ ዘረመልን ሊለውጥ ይችላል ብለው ነበር። ለብዙ ዓመታት ፈቃድ የዘገየው በከፊል በዚህ ዓይነት ጥርጣሬ ነው። በተጣራው ዱቄት ላይ የተደረጉት በኋላ የመጡ ጥናቶች ስጋቱን አላረጋገጡም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2008 በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት እስከ 4 ሚሊ ግራም (በስቴቪዮል ልክ) መውሰድ እንደሚቻል ወሰነ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 240 ሚሊ ግራም ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው የአውሮፓ ከፍተኛ ልክ የተሠራ ለስላሳ ቢሆን 3 ሊትር ማለት ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ግን በ1 ሊትር ልኩን ይሞላል።

አደገኛ አይደለም ማለት ያከሳል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2023 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቪያን ጨምሮ ስኳር ያልሆኑ ማጣፈጫዎችን ክብደት ለመቆጣጠር መጠቀምን አልመከረም። ምክሩ ቀድሞውኑ የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም።

የጓራኒዎች ጥያቄ

ዛሬ አብዛኛው ስቴቪያ የሚመረተው በቻይና ነው። በንጥረ ነገሩ ማውጫና ማምረቻ ዘዴዎች ላይ ኩባንያዎች ብዙ የፈጠራ መብት አስመዝግበዋል። ቅጠሉ እንደሚጣፍጥ መጀመሪያ ያወቁትና ለቤርቶኒ የነገሩት ጓራኒዎች ግን ከዚህ ገበያ ድርሻ አላገኙም፤ ብዙዎቹም ከአባቶቻቸው መሬት ተፈናቅለው ይኖራሉ። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ስምምነት ከባህላዊ ዕውቀት የሚገኝ ጥቅም ከባለቤቶቹ ጋር እንዲጋራ ይጠይቃል። በ2015 የስዊዘርላንድና የጀርመን ድርጅቶች ከሌሎች ጋር ሆነው ባወጡት ዘገባ ኩባንያዎቹ ከጓራኒዎች ጋር እንዲደራደሩ ጠይቀዋል። በኢትዮጵያ ጤፍ ላይ በኔዘርላንድስ የተመዘገበውን የፈጠራ መብት የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በኢትዮጵያ

ስቴቪያ የኢትዮጵያ ነባር ተክል አይደለም። በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል የመላመድ ጥናት ተደርጎበታል። በገበያ ላይ «ዜሮ» ወይም «ከስኳር ነፃ» የሚል ለስላሳ ሁሉ ስቴቪያ አለው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ የሚጣፍጡት በአስፓርቴምና በአሲሰልፌም ፖታሲየም ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ከጠርሙሱ ጀርባ ያለውን የይዘት ዝርዝር በማንበብ ነው፦ «ስቴቪዮል ግላይኮሳይድ»፣ «ሬባውዲዮሳይድ» ወይም ኢ960 የሚል ካለ ስቴቪያ ነው።

ተቀራራቢ ዕፅዋት

በደቡብ ቻይና፣ በተለይ በጓንግሺ ክልል የሚበቅለው ሉዎ ሃን ጉዎ የተባለ ፍሬ ሞግሮሳይድ የሚባሉ ጣፋጭ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ መጠጦች ውስጥም ይገባል። ከምዕራብ አፍሪካ ደን ከሚገኘው የካተምፌ ፍሬ የሚወጣው ታውማቲን ደግሞ ፕሮቲን ሲሆን፣ በአውሮፓ ኢ957 ተብሎ ተመዝግቧል። ጣዕሙ አፍ ውስጥ ስለሚቆይ በለስላሳ ውስጥ የሚጨመረው በጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜም የሌሎችን ማጣፈጫዎች ምሬት ለመሸፈን ነው።