ሳይሰማው ያለፈው ግማሽ

ስንት ዓመት ያጠራቀምኩለትን አምፕሊፋየር ገዝቼ ከሁለት ሳብዉፈር ጋር አገናኘሁት። መጀመሪያ የከፈትኩት አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የወጣ ዘፈን ነው።

ሸክላው የተቀዳው አዲስ አበባ ነው። እኛ ገሳይ የሰማነው ግን ካሴት ላይ ተገልብጦ፣ በባትሪ ቴፕ ነበር። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የዚያች ቴፕ ትንሽ ስፒከር ይህን ማውጣት አትችልም። ቤዙ ነበረ፤ እኛ ጋ አልደረሰም እንጂ።

አባቴ ዘፈኑን በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ግማሹን ግን ሳይሰማው አረፈ። ትናንት ማታ ወለሉ ሲነዝር እሱን አሰብኩ። ታሪክም እንዲሁ ነው፤ «አልነበረም» ከማለታችን በፊት የሰማንበትን ዕቃ እንይ።

እናንተስ በምን ነበር የምትሰሙት?